ወርቁ፣ ጋዜጣው ወይስ ልጁ? ቱታንካሙን ያስነሳው ረጅም ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይሄን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ነገሩን ሳያለሳልስ ጀመረ። የጥንቷ ግብፅ ፈርዖን ቱታንካሙን ይህ ነው የሚባል ነገር ያልሠራ ልጅ ነው ይላል። ዙፋን ላይ የወጣው በ8 ወይም በ9 ዓመቱ ነው። የገዛው 9 ዓመት ገደማ ነው። ሲሞት 19 ዓመት ቢሆነው ነው። ፒራሚድ የለውም። በስሙ የሚወራ ትልቅ ድል የለውም። ሌላው ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ 66 ዓመት ገዝቷል፣ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ ከዐለት አስፈልፍሏል። ቲሸርትና የፍሪጅ ማግኔት ላይ የሚታተመው ግን የልጁ ፊት ነው። ለምን? ከፋቹ መልሱንም ይዞ ነው የመጣው። ዝናው የንጉሡ አይደለም፣ የ1922 ጋዜጠኞች ሥራ ነው ባይ ነው። የማይስማማ ይሞክረኝ ብሎ ዘጋ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መቃብሩ የተገኘው በኛ ጥቅምት 1915 መሆኑ ነው።)

ሞከሩት። ከ40 በላይ መልስ ተከተለ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ እዚህ የምተርከው ግን የሚረባውን ነው። ስድቡንና የሳቅ ምስሉን ዘልዬዋለሁ። ጸሐፊዎቹን የምጠራቸው በመልሳቸው ተራ ቁጥር ነው።

ቁጥር 1 ጨዋ ሴት ናት። ከፋቹን አመስግና ጀመረች፣ ሐሳቡንም ደገፈች። የቁፋሮውን ወጪ የቻለው እንግሊዛዊው ሎርድ ካርናርቮን በጃንዋሪ 1923 ከለንደኑ ዘ ታይምስ ጋር መዋዋሉን አስታወሰች። በ5,000 ፓውንድ ዜናውን ለአንድ ጋዜጣ ብቻ ሸጠው። የግብፅ ጋዜጠኞች በገዛ ምድራቸው ስለተገኘው ንጉሥ ለመስማት የለንደንን ጋዜጣ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ደጅ የቀሩት ሌሎች ጋዜጦች ደግሞ ወሬ ሲያጡ ወሬ ፈጠሩ። መቃብሩን የከፈተ ይሞታል የሚለው የመርገሙ ተረት እንደዚያ የገነነው ለዚህ ነው ትላለች።

ቁጥር 2 አንድ መስመር ነው። ወርቅ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። የሬሳውን ፊት የሸፈነው የወርቅ ጭምብል ከ10 ኪሎ በላይ፣ የውስጠኛው የሬሳ ሣጥን 110 ኪሎ። ይሄን ይዞ የተገኘ ሰው ማንም ቢሆን ዝነኛ ይሆናል አለና ሄደ።

ቁጥር 3 ቁጥር 1ን አረማት፣ ትንሽም ኮራ ብሎ። ውሉ የጃንዋሪ ነው፤ ዘ ታይምስ ግን ዜናውን ያወጣው ኖቬምበር 30 ቀን 1922 ነው። ጩኸቱ ከውሉ ቀድሟል። ስለዚህ ውሉ ዝናውን አልወለደም፤ ጠቡን ነው የወለደው። እኔ እዚህ ላይ ለቁጥር 3 እፈርዳለሁ። ቁጥር 1ም ወዲያው አመስግና ተቀበለችው። በክሩ ሙሉ እርማትን በምስጋና የተቀበለ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ቁጥር 4 ረጅም ጻፈ፣ ሲጽፍም የሚያውቀውን እንደሚጽፍ ያስታውቃል። ጥያቄው ለምን ዝነኛ ሆነ ሳይሆን መቃብሩ እንዴት ተረፈ ነው መሆን ያለበት ይላል። ሉክሶር አጠገብ ባለው የፈርዖኖች መቀበሪያ፣ በነገሥታት ሸለቆ፣ ያሉት የሌሎቹ ፈርዖኖች መቃብሮች በጥንት ጊዜ ተዘርፈው ባዶ ሆነዋል። የዚህ ልጅ መቃብር ጠባብ ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ተደምረው 110 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። ለንጉሥ ታስቦ የተሠራ አይመስልም። ሞቱ ድንገተኛ ስለነበር ተቻኩለው ነው የቀበሩት። ግድግዳው ላይ ያሉትን ቡናማ ነጠብጣቦች የቀለሙ እርጥበት ሳይደርቅ በመታሸጉ የበቀለ ሻጋታ ቅሪት ናቸው የሚሉ አሉ።

ከዚያ ሌቦች ገቡ። ሁለት ጊዜ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከቀብሩ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው ይሄ። ጠባቂዎቹ ቀዳዳውን መልሰው ደፈኑት፣ እንደገናም አተሙት። ጎርፍ ድንጋይና አፈር አምጥቶ መግቢያውን ሸፈነው። በኋላ ከጎኑ የ6ኛው ራምሴስ መቃብር ሲቆፈር የሠራተኞቹ ጎጆዎች እሱ ላይ ተቀለሱ። ስሙም በመዝገብ አልነበረም። አባቱ ነው የሚባለው አኬናተን የድሮዎቹን አማልክት ትቶ አተን የሚባለውን የፀሐይ አምላክ ብቻ አምልኳል፣ ዋና ከተማውንም አዛውሯል። ልጁ ሲነግሥ የድሮውን አምላክ አሙንን መለሰ፣ ስሙንም ከቱታንካተን ወደ ቱታንካሙን ቀየረ። በኋላ የመጡት ግን ለዚያ ቤተሰብ ምሕረት አላደረጉም። ቀዳማዊ ሴቲ አቢዶስ ላይ ያስቀረጸው የነገሥታት ዝርዝር አባትየውንም ልጁንም ዘልሏቸዋል። ሊያጠፉት ብለው ደበቁት፤ ሸለቆው ሲዘረፍ እሱን የፈለገው አልነበረም።

በካርናርቮን ገንዘብ የሚሠራው እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር ከ1917 ጀምሮ ሸለቆውን ሲያስቆፍር ቆይቷል። ያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1922 ክረምት ካርናርቮን ገንዘቡ አንገፈገፈውና በቃኝ አለ። ካርተር አንድ ወቅት ብቻ ጨምርልኝ፣ ካልሆነም ወጪውን ራሴ እችላለሁ ብሎ ለመነው። ያቺን ወቅት ሰጠው። ኖቬምበር 4 ቀን ከጎጆዎቹ ሥር የመጀመሪያው ደረጃ ብቅ አለ።

ይሄን የመሰለ ማብራሪያ ከተነበበ በኋላ ክሩ ከፍ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁጥር 5 መጥቶ ይሄ ሙሴን ያሳደደው ፈርዖን ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ።

እውነቱን ለመናገር በኛ ሰው ዘንድ ፈርዖን ከተባለ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይሄው ነው። ቁጥር 6 ዲያቆን ሳይሆን አይቀርም፤ በአንቱታ ነው የመለሰላቸው። ኦሪት ዘጸአት የፈርዖኑን ስም አይጠራም አላቸው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 6፥1 ላይ ያለውን 480 ዓመት ይዘው ከሰሎሞን ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 1446 ገደማ ላይ ይደርሳሉ። ዘጸአት 1፥11 ላይ ራምሴ የምትባል ከተማ ተጠቅሳለች የሚሉት ደግሞ ዳግማዊ ራምሴስን ይመርጣሉ። ቱታንካሙን የነገሠው 1332 ገደማ ነው። ለመጀመሪያው ቆጠራ ዘገየ፣ ለሁለተኛው ቀደመ። ቁጥር 5 እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ወጡ። እንዲህ ያለ አጭርና ንጹሕ መልስ ስንቴ ይገኛል?

ቁጥር 7 ካይሮ ለብዙ ጊዜ የኖረ ልጅ ነው። ታሕሪር አደባባይ ያለውን የድሮውን ሙዚየም ያየበትን ቀን ተረከ። የጭምብሉ ክፍል ውስጥ ግፊያው አያስቆምም። ዘበኞቹ ፎቶ ያነሳውን ሁሉ ይቆጣሉ። ጭምብሉን በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየውና ወጣ። ልቡ የቀረው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከዞጲ እንጨት የተሠራች፣ የዝሆን ጥርስ የገባባት ትንሽዬ ወንበር አየ። የልጅ ወንበር ናት። ልጁ ሲነግሥ የተቀመጠባት ሊሆን ይችላል። ታጥፈው የተቀመጡ ከ100 በላይ የበፍታ ግልድሞች አሉ። ጓንት አለ። ጫማ አለ፤ አንዱ ጫማ ሶሉ ላይ የታሰሩ ጠላቶች ተሥለውበታል፣ በሄደ ቁጥር እንዲረግጣቸው። ዳቦ አለ፣ የወይን ጠጅ ጋን አለ፣ የሰሌዳ መጫወቻ አለ። ከ5,000 በላይ ዕቃ ነው። ቤቱን ጠቅልሎ የሄደ ሰው ይመስላል ይላል ልጁ።

ቁጥር 8 አላዘነለትም። የመንገድ ልብ ወለድ ነው አለው። ንጉሥን በግልድሙ የሚያስታውስ ሰው ታሪክ አይገባውም ብሎም ጨመረበት። ከዚህ በኋላ ነው የክሩ ድምፅ የተለወጠው።

ቁጥር 9 ለቁጥር 7 ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ ግን የመታው ቁጥር 2ን ነው። ወርቅ ነው ያልከው ሰውዬ፣ ቀኑን ተመልከት አለው። ዓለም ያበደው በ1922 መጨረሻና በ1923 ነው። የቀብሩ ክፍል በይፋ የተከፈተው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1923 ነው። ጭምብሉንና ጥሩ ወርቁን የሬሳ ሣጥን ሰው ያየው ግን ኦክቶበር 1925 ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ሲጮህ ጭምብሉ ገና ጨለማ ውስጥ ነበር። ቁጥር 2 ሌላውስ ወርቅ የት ሄደ፣ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ በወርቅ የተለበጡ አልጋዎችና ሠረገላዎች አልነበሩም ወይ ብሎ ተመልሶ መጣ። እሱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያን ፊት ሳያዩት መውደዳቸው ለኔ ከክሩ ሁሉ የጎላ ነጥብ ነው። ማንም አልተከተለውም።

የተከተሉት ከዘራውን ነው። ቁጥር 10 መቃብሩ ውስጥ 130 ያህል ዱላና ከዘራ መገኘቱን አንስቶ ልጁ አንካሳ ነበር አለ። የ2010ን የዲኤንኤ ጥናት ጠቀሰ። ጥናቱ የወባ ተሐዋሲ ምልክት አግኝቷል፣ ግራ እግሩ ላይም የአጥንት መሞት አለ ብሏል። ወላጆቹ ወንድምና እኅት መሆናቸውንም ያሳየው ይሄው ጥናት ነው። ቁጥር 11 ግን ተው ቀስ በል አለው። የእግሩን ነገር የማይቀበሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ጉዳቱ አስክሬኑ ሲደርቅ የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ዱላ ደግሞ በግብፅ የሹመት ምልክት ነው፣ ጤነኛ መኳንንትም ከነዱላቸው ይቀበራሉ። የኛ ባላባት ከዘራ የሚይዘው እግሩ ስለታመመ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። መልስ አላገኘም።

ከዚያ ግድያው መጣ። ቁጥር 12 ልጁን የገደለው አልጋውን የወረሰው አይ የሚባል ሽማግሌ ነው ብሎ ፈረደ። ማስረጃው በ1968 የተነሳው ራጅ ነው፤ ራስ ቅሉ ውስጥ የአጥንት ስባሪ ይታያል። ቁጥር 13 ያ ፋይል ተዘግቷል አለው። በ2005 አስክሬኑ በሲቲ ስካን ታይቷል፣ 1,700 ያህል ምስል ተነሥቷል። ስባሪው ከሞት በኋላ የመጣ ነው እንጂ የዱላ ምት አይደለም። የተገኘው ሌላ ነገር ነው። ግራ ጭኑ ጉልበቱ አካባቢ ተሰብሯል፣ ሲሞትም አልዳነም ነበር። ቁጥር 12 ታዲያ እግሩን ማን ሰበረው አለ። ይሄ ሰው ነፍሰ ገዳይ ካላገኘ አይተኛም።

ከ14 እስከ 17 መርገሙ ነው። ካርናርቮን መቃብሩ ከተከፈተ በኋላ ትንኝ ነከሰችው፣ ጢሙን ሲላጭ ቁስሉን ቆረጠው፣ ደሙ ተመረዘ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1923 ካይሮ ላይ ሞተ። ቁጥር 14 በዚህ ይምላል። የሙት ዕቃ የነካ አያምርበትም፣ እናቴም እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ ይላል። ቁጥር 15 አከበረው፤ እኔም መቃብር አልነካም አለ። ቁጥር 16 አላከበረችውም። ከአባቷ ከካርናርቮን ጋር አብራ የገባችው ሌዲ ኤቭሊን የሞተችው በ1980 ነው፣ 78 ዓመቷ ነበር አለች። ሬሳውን የፈታው ካርተርም እስከ 1939 ኖሯል። መርገሙ ፈዛዛ ነው ማለት ነው? ቁጥር 17 በ2002 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ጠቀሰ። በጊዜው ግብፅ ከነበሩ 44 ምዕራባውያን 25ቱ መቃብሩ ወይም ሬሳው ሲከፈት ነበሩ። በአማካይ የሞቱት በ70 ዓመታቸው ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የመርገም ምልክት አልተገኘም። ቁጥር 14 ግን አልተበገረም፤ 70 ዓመት ለፈረንጅ አጭር ነው አለ። ሳቅሁ።

ቁጥር 18 የምንጠብቀው ነው። ፈርዖኖቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ነጮቹ ደብቀውት ነው አለ። ቁጥር 19 ከረር ብሎ መለሰለት። ከደቡብ መጥተው ግብፅን የገዙት እነ ፒዬና ቲርሐቅ የኩሽ ነገሥታት ናቸው፤ መናገሻቸው በዛሬዋ ሱዳን ያለችው ናፓታ ነበረች። የመጡትም ከቱታንካሙን በኋላ 600 ዓመት ገደማ ቆይተው ነው። በቱታንካሙን ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ሁይ የሚባል ሹም ኩሽን ለሱ ያስተዳድር ነበር፣ የኑቢያ አለቆች ወርቅ ይዘው ሲገብሩ በሹሙ መቃብር ግድግዳ ላይ ተሥለዋል። ያ የጫማ ሶል ላይ ከታሰሩት ሰዎች መካከልም ጥቁሮቹ አሉ። እሱን ደግሞ አብረን እናምጣው ወይ ብሎ ጠየቀው። መራር ነው፤ ግን ሐቅ ነው። ያን ሥዕል ያየ ጥቁር ጎብኚ ሁሉ አንድ ነገር ይሰማዋል።

ቁጥር 20 ነገሩን ለማብረድ ፑንትን አነሣ፤ ግብፆች ዕጣን ያመጡባት የነበረች ጥንታዊ አገር ናት። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከቱታንካሙን ከ100 ዓመት በላይ ቀድማ ዕጣን ፍለጋ መርከብ ልካለች፤ ጉዞው ዴር ኤል ባሕሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ላይ ተቀርጿል። ከግብፅ መቃብሮች በተገኙ የዝንጀሮ አስክሬኖች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንስሶቹ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ አካባቢ እንደመጡ ጠቁመዋል። ዝምድና ካስፈለገ እዚህ ጋ ፈልጉ ነው የሚለው። መልካም ምክር ነበር።

ከ21 እስከ 25 ዓባይ ነው። ግድቡ ሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፣ ከዚያ ወዲህ ግብፅ የሚል ቃል ያለበት ክር ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው። አድሚኑ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ። የጻፉትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ጭቅጭቅ መሀል ግን ቁጥር 26 ወጣ። የአፈር ባለሙያ ነኝ ይላል። ከግድቦቹ ዘመን በፊት ጎርፉ ለግብፅ እርሻ ይዞት ይሄድ የነበረው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ ነው፤ በዓባይና በተከዜ በኩል ነው የሚወርደው። መቃብሩ ውስጥ ስንዴና ዳቦ ተገኝቷል። ያ ስንዴ የበቀለው በዚያ አፈር ላይ ነው። ንጉሡ ከኛ ጋር ያለው ዝምድና በደም ሳይሆን በአፈር ነው ብሎ ተሰናበተ። ከቁጥር 18 እስከ 25 ያለውን ሁሉ በዚህ አንድ መልስ ብንለውጠው ደስ ባለኝ።

ቁጥር 27 ካርተር አገኘው ማለትን ተዉ አለች። የቆፈሩት፣ የተሸከሙት፣ ደረጃውን መጀመሪያ የነኩት ግብፃውያን ናቸው። ካርተር ራሱ አሕመድ ገሪጋርን፣ ጋድ ሐሰንን፣ ሑሴን አቡ አዋድንና ሑሴን አሕመድ ሰኢድን በስም ጠቅሷቸዋል፤ እኛ ግን አንድም ስም አናውቅም። ሃሪ በርተን ባነሣቸው ፎቶዎች ላይ ቅርጫት የተሸከሙ ወንዶችና ልጆች ሞልተዋል፣ የብዙዎቹ ስም የትም አልተጻፈም። ቁጥር 28 ውኃ የሚያመላልስ ልጅ ጋኑን ሊተክል አሸዋ ሲጭር ደረጃውን እንዳገኘ የሚነገረውን ታሪክ አመጣ። ቁጥር 27 እሱን እንኳ በጥንቃቄ ነው የያዘችው፤ የካርተር የዕለት ማስታወሻ ያን ቀን የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ተገኙ ከማለት በቀር ስለ ልጅ አይናገርም። የምትደግፈውን ሐሳብ የሚያሳምረውን ወሬ ሳይቀር የምታጣራ ሰው ነች። አከበርኳት።

ቁጥር 29 ስርቆቱን አነሣ። ካርተርና ካርናርቮን የቀብሩ ክፍል በይፋ ከመከፈቱ ከወራት በፊት ቀዳዳ ከፍተው በድብቅ ገብተዋል፣ ቀዳዳውንም በቅርጫት ሸፍነውታል። በ1934 የቋንቋ ሊቁ አለን ጋርዲነር ካርተር የሰጠው ክታብ ከመቃብሩ የተወሰደ መሆኑን ሰምቶ በደብዳቤ ወቅሶታል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም በ2010 ከዚያ መቃብር የወጡ 19 ትናንሽ ዕቃዎችን ለግብፅ ለመመለስ ተስማምቷል። ቁጥር 30 መቅደላን ጠራ። በ1868 ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ የተወሰዱት ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ግምጃ ቤት አሉ። ግብፆች 19 ሲመለስላቸው እኛስ? ይሄ ከርዕስ መውጣት ነው ያሉ ነበሩ። እኔ አልልም።

ቁጥር 31 ግብፆች ዝም ብለው አልተዘረፉም ብሎ አንድ ታሪክ ጨመረ፤ ሳላነሳው አላልፍም። ግብፅ ነፃነቷን ያገኘችው መቃብሩ በተገኘበት በ1922 ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1924 የድንጋዩ ሣጥን ክዳን በገመድ ተነሣ። በማግስቱ የባለሙያዎቹ ሚስቶች ለጉብኝት ሊመጡ ነበር። መንግሥት አይገቡም አለ። ካርተር በንዴት ሥራ አቁሞ በሩን ቆልፎ ሄደ። መንግሥት ደግሞ የራሱን ቁልፍ ቀየረ። ከባዱ ክዳን ከንጉሡ በላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካርተር ወደ ሥራው የተመለሰው በጃንዋሪ 1925 ነው። የካርናርቮን ቤተሰብም ከዕቃው ድርሻ የመጠየቅ መብቱን ተወ። ስብስቡ ካይሮ የቀረው በዚህ ትግል ነው።

ቁጥር 32 በ2014 የጭምብሉ ጢም መውደቁንና በማይለቅ ሙጫ መጣበቁን አንሥቶ ሁሉንም አሳቀ። በ2015 ባለሙያዎች ሙጫውን ፍቀው በንብ ሰም መልሰውታል፣ ስምንት ሰዎችም ለዲሲፕሊን ክስ ቀርበዋል። ቁጥር 33 ከመቃብሩ ግድግዳ ጀርባ የአኬናተን ንግሥት ኔፈርቲቲ አለች ብሎ መጣ። ያ ሐሳብ በ2015 ቀርቦ ነበር፤ በ2018 የጣሊያን ቡድን በራዳር መርምሮ ክፍል የለም ብሏል። አለፈ።

ቁጥር 34 ማዋለጃ ክፍል የምትሠራ ነርስ ነኝ ትላለች። ስለ ጭምብል አንድም ቃል አልጻፈችም። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ክፍል ሁለት ትናንሽ የሬሳ ሣጥኖች መገኘታቸውን አነሣች። ውስጣቸው ቀናቸው ሳይደርስ የሞቱ ሁለት ሴት ጽንሶች አሉ። የዲኤንኤው ጥናት የንጉሡ ልጆች እንደሆኑ ያመለክታል። እናታቸው ሚስቱ አንኬሴናሙን ሳትሆን አትቀርም። ሣጥኖቹ ላይ ስም አልተጻፈም። እሷ በሥራዋ የምታየውን ቤተሰብ አሰበች፤ ሕፃኑን ይዘው ለመቅበር የሚጠይቁም አሉ፣ ማየት የማይፈልጉም አሉ። እነዚህ ሁለት ልጅ ባልና ሚስት ግን አስቀመጧቸው አለች።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንንም አልሰደበም። ቁጥር 8 ሳይቀር፣ ያ የግልድሙ ሰውዬ፣ ተመልሶ መጥቶ በአክብሮት ጻፈ። እዚያው መቃብር ውስጥ የአያቱ የንግሥት ቲዬ የፀጉር ዘለላ በትንንሽ ሣጥኖች ተደራርቦ ተቀምጦ መገኘቱን ጨመረላት። ስለ ቁጥር 7 ግን ይቅርታ አላለም።

ቁጥር 37 ላይ ከፋቹ ራሱ ተመለሰ፤ ትልቁን መድፍም ያመጣው እዚህ ነው። ቀዳማዊ ሱሴኔስን ታውቃላችሁ ወይ አለ። አንዳችንም አናውቅም። በ1940 ፈረንሳዊው ፒየር ሞንቴ ታኒስ ላይ የዚህን ፈርዖን መቃብር ሳይነካ አገኘው። የወርቅ ጭምብል አለው። የሬሳ ሣጥኑ ጥሩ ብር ነው። ሌቦች አልገቡበትም፤ የቱታንካሙን እንኳ ተገብቶበታል። ታዲያ ስሙ የት አለ? ዓለም ጦርነት ላይ ነበር፣ ጋዜጣ ቦታ አልነበረውም። ወርቁ አለ፣ መቃብሩ እንዲያውም የበለጠ ንጹሕ፣ ዝናው ዜሮ። በቃ አለ። ነገሩን የጨረሰ መስሎት ነበር። ለአፍታ እኔንም አሳምኖኝ ነበር።

ቁጥር 38 ቁጥር 4 የነበረው ሰው ነው፤ አጻጻፉ ያስታውቃል። ግማሹን ተቀበለው። ጦርነቱ ሱሴኔስን ጎድቶታል፣ ይሄ አያከራክርም አለ። ግን ታኒስ ያለው ዓባይ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚከፋፈልበት ደልታ ውስጥ ነው። ምድሩ እርጥብ ነው። እንጨቱ በስብሷል፣ ጨርቁ ጠፍቷል፤ የቀረው ብረትና ድንጋይ ነው። ሉክሶር ደረቅ በረሃ ስለሆነ ወንበሩም፣ ግልድሙም፣ ዳቦውም፣ የአበባ ጉንጉኑም ቆየ። ሱሴኔስ የተረፈለት ሀብቱ ነው። ለቱታንካሙን የተረፈለት ቤቱ ነው።

እኔም በዚህ ነው የማድረው። ጋዜጣው ሰዉን በር ድረስ አመጣው፤ ያ እውነት ነው። ከ100 ዓመት በኋላ በር ላይ እንዲሰለፍ የሚያደርገው ግን የ1923 ጋዜጣ ሊሆን አይችልም፤ ዛሬ ማን ያነበዋል? ቁጥር 7 ከክሩ ሁሉ ቀድሞ ነገሩን ነክቶት ነበር፣ ተሰደበበት እንጂ። ከፋቹ ግን አላመነም። ቤት ወዳድ መሆናችሁን ጋዜጣው ነው ያስተማራችሁ ብሎ ጻፈ። ግትር ሰው ነው፤ ክሩን የያዘውም ግትርነቱ ነው።

የቀረው የጉዞ ምክር ነው። ቁጥር 39 በካይሮ በኩል ወደ አውሮፓ ልታልፍ ነው፣ አንድ ቀን ታድራለች፤ ምን ልይ አለች። ቁጥር 40 ፒራሚዶቹ አጠገብ ያለውን ታላቁን የግብፅ ሙዚየም አላት። በኖቬምበር 2025 ተከፍቷል፤ የቱታንካሙን ስብስብ ከተገኘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቦታ የቀረበው እዚያ ነው። ሬሳውንም አያለሁ ወይ አለች። የለም፣ እሱ አሁንም ሉክሶር በመቃብሩ ውስጥ ነው፣ ለብቻው ሌላ ጉዞ ይፈልጋል አላት። ቁጥር 42 ግፊያ ከጠላሽ ታሕሪር ወዳለው ወደ ድሮው ሙዚየም ሂጂ አለ፤ የሱሴኔስ የወርቅ ጭምብልና የብር ሣጥን እዚያ ነው ያሉት፣ ክፍሉም ፀጥ ያለ ነው። ከፋቹ ፈጥኖ ደረሰ። ስትሄጂ ፎቶ አንሺልኝ አላት። ቁጥር 7 ደግሞ ዘበኞቹን ተጠንቀቂ ብሎ ጻፈላት፣ ቪዛውን አስቀድማ እንድታጣራም ነገራት።